የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠዎትን ራውተር በራስዎ ራውተር መተካት

ቤት ውስጥ የመደበኛ መስመር ኢንተርኔት ሲገባ ባለሙያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የሚሄደውን ሳጥን አብዛኞቻችን በአንድ ስም «ዋይፋይ» ብለን እንጠራዋለን። ሳጥኑ ግን አራት ሥራዎችን በአንድ ላይ የያዘ ዕቃ ነው። ከውጭ የመጣውን የብርሃን ወይም የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ዳታ ይቀይራል፤ በደንበኛው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከአቅራቢው ጋር ግንኙነት ይከፍታል፤ ያንን አንድ ግንኙነት በቤቱ ውስጥ ላሉት ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ቴሌቪዥኖች ያከፋፍላል፤ በመጨረሻም ዋይፋዩን ይለቃል። ራውተር ለመቀየር የተነሣ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ከእነዚህ ከአራቱ የትኞቹን ከአሮጌው ሳጥን ላይ እንደሚወስድ መወሰን ይኖርበታል። የፋይበር መስመር ለገባለት ቤት የእኔ ምክር የመጀመሪያውን ሥራ ለሳጥኑ ትቶ ሦስቱን መውሰድ ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ ለሚጠቀም ቤት ደግሞ አራቱንም መውሰድ ይቻላል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ችግሩ የሳጥኑ መሆኑን ያረጋግጡ። ላፕቶፕዎን በኔትወርክ ገመድ ከሳጥኑ ጋር በቀጥታ አገናኝተው፣ የሌሎቹን ዕቃዎች ዋይፋይ አጥፍተው፣ ፍጥነቱን አንድ ጊዜ ጠዋት አንድ ጊዜ ማታ ይለኩ። በገመድ ሲለኩ የከፈሉበትን ፍጥነት አግኝተው መኝታ ቤት ውስጥ በዋይፋይ ሲለኩ ግን ሩብ ያህሉን ብቻ ካገኙ አዲስ ራውተር ይጠቅምዎታል። በገመድም ቢሆን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ጉድለቱ ከመስመሩ ወይም ከአቅራቢው በኩል ስለሆነ የዓለም ምርጥ ራውተር ቢገዙም የሚለወጥ ነገር የለም፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ወደ 994 ደውለው ማስመዝገብ ይሻላል። በዚህ ልኬት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቢትና በባይት መካከል ነው። የአገልግሎት ጥቅሎች የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ የ10 ሜጋ ቢት ጥቅል የገዛ ሰው በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያወርድ ቢያይ አልተታለለም።

የመስመሩ ዓይነት

ወደ ቤትዎ የሚገባው ገመድ ሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦዎችን የያዘ የስልክ ገመድ ከሆነና ከስልኩ ጋር ስፕሊተር በሚባል ትንሽ ማከፋፈያ የሚከፈል ከሆነ መስመርዎ ዲኤስኤል ነው። በስፋት የሚታወቀው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ቤቱ ከአቅራቢው የስልክ ማከፋፈያ እየራቀ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ እየወረደ ይሄዳል። በዚህ መስመር ላይ የዲኤስኤል ሞደም፣ ማለትም የመስመሩን ምልክት ወደ ዳታ የሚቀይረው ክፍል፣ በውስጡ ያለበት ራውተር ገዝተው አሮጌውን ሙሉ በሙሉ መንቀል ይችላሉ። አዲሱ ላይ የሚሞሉት ቪፒአይ እና ቪሲአይ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ናቸው። ቁጥሮቹ ከአቅራቢ አቅራቢ ስለሚለያዩ ከማንም ሳይጠይቁ ከአሮጌው ሞደም ገጽ ላይ መገልበጡ አስተማማኝ ነው።

ገመዱ እንደ ክር የቀጠነ መስታወት በውስጡ ያለበት፣ ጫፉ ላይ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ፕላስቲክ ያለው ከሆነ ደግሞ መስመርዎ ፋይበር ነው። ሳጥኑ በባለሙያዎች ዘንድ ኦኤንቲ ይባላል። ይህን ሳጥን ከገበያ በተገዛ ሌላ ኦኤንቲ መተካት የማይሞከርበት ምክንያት አለው። ጂፖን በተባለው የፋይበር ሥርዓት ከአቅራቢው ማዕከል የሚወጣው አንድ የፋይበር ክር በመንገድ ላይ እየተከፋፈለ 32 ወይም 64 ቤቶችን ሊያገለግል ይችላል፤ በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ የሚሆነውን የመውረጃ አቅም ሁሉም ይጋራሉ፤ የሁሉም ቤት ዳታም በአንድ ክር ላይ አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ማዕከሉ እያንዳንዱን ሳጥን በመለያ ቁጥሩ ያውቀዋል፣ ተራ ይሰጠዋል፣ ዳታውንም ለእርሱ ብቻ በሚፈታ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ያልተመዘገበ ሳጥን ሲሰካ ማዕከሉ አያናግረውም። አቅራቢው ራሱ ካልመዘገበልዎ በቀር የገዙት ኦኤንቲ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የፋይበሩን ገመድ በተመለከተ ሁለት ጥንቃቄዎች ብቻ ይበቃሉ። ገመዱን አጥብቀው አይጠፉት፤ ውስጡ ያለው መስታወት ይሰበራል፣ ባይሰበርም ብርሃኑ ይባክናል። ጫፉንም ነቅለው ወደ ዓይንዎ አያስጠጉ፤ የሚወጣው ብርሃን በዓይን የማይታይ ነው፤ ስላልታየ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ምን ዓይነት ራውተር ይገዛ?

ለፋይበር ቤት የሚፈለገው ሞደም የሌለው፣ ኢንተርኔቱን በኔትወርክ ገመድ የሚቀበል ተራ የዋይፋይ ራውተር ነው። በጀርባው «ዋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ብዙ ጊዜም በቀለም ከሌሎቹ የሚለይ የኔትወርክ ሶኬት መኖሩን፣ በቅንብሮቹም ውስጥ ፒፒፒኦኢ የሚባለውን የመግቢያ ዘዴ መቀበሉን ያረጋግጡ። ጥቅልዎ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ከሆነ ሶኬቶቹ ጊጋ ቢት የሚያሳልፉ መሆን አለባቸው፤ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ላይ ያሉት ከ100 አያልፉም። ሁለቱን የሞገድ መደቦች፣ ማለትም 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝን፣ የሚለቅ ቢሆን ይመረጣል። ዋይፋይ 6 የተባለው ትውልድ ብዙ ስልክ ባለበት ቤት ልዩነቱ ይታወቃል፤ 10 ሜጋ ቢት ብቻ ለሚገባበት ቤት ግን አንቴናው እንደ ሸረሪት እግር የበዛ ውድ ራውተር መግዛት አላስፈላጊ ወጪ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ራውተር ይዞልዎ እንዲመጣ የሚጠይቁ ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይላኩለት። በዚያ አገር ብዙ ቤቶች ኢንተርኔት የሚያገኙት በቴሌቪዥን ኬብል ስለሆነ በመደብሮቹ «ሞደም ራውተር» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ልክ እንደ ዲሽ ገመድ የሚጠመዘዝ መሰኪያ ያላቸው ናቸው፤ እነዚህ ከእኛ የስልክ ሽቦም ሆነ ከፋይበር ጋር አይነጋገሩም። ሁለተኛው ነገር ኤሌክትሪክ ነው። የአሜሪካ ቤቶች 120 ቮልት፣ የእኛዎቹ 220 ቮልት ስለሆኑ አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ አይሰኩ። ጽሑፉ ካለ የሚጎድለው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ከአንድ ዕቃ በላይ የሚያስመጣ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት የሚያጸድቅ መሆኑን አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ከመንካትዎ በፊት የሚመዘገብ

ይህን ክፍል ዘለው የሚያልፉ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚቸገሩት፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአክስቴን ሳጥን «ላድሰው» ብዬ ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጫንኩ። ሳጥኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ፤ ባለሙያው ሲገጥም ያስገባው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም አብሮ ጠፋ። አክስቴ የፈረመችበት ወረቀት የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቤቱ እስከ ሰኞ ያለ ኢንተርኔት ሰነበተ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከሳጥኑ ጀርባ ወይም ሥር ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ፎቶ ያንሡ። መለያ ቁጥሩ፣ የመግቢያ አድራሻውና የዋይፋዩ ስም እዚያ ላይ ይገኛሉ። ከዚያ በኮምፒውተር ማሰሻ ላይ አድራሻውን ጽፈው ይግቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። «ዋን» የሚለውን ገጽ ከፍተው የግንኙነቱን ዓይነት፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ ቪላን የሚል ቁጥር ካለ ቁጥሩን፣ እንዲሁም መስመሩ የያዘውን የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) በፎቶ ያስቀሩ። የይለፍ ቃሉ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ከሳጥኑ መቅዳት አይቻልም፤ ከውልዎ ወረቀት ይፈልጉት ወይም መታወቂያዎን ይዘው ከአቅራቢው የሽያጭ ማዕከል ይጠይቁ። የቤት ስልክዎ ከዚሁ ሳጥን የሚወጣ ከሆነም ስልኩ የተሰካበትን ሶኬት ልብ ይበሉ፤ ድምፁ በፋይበሩ ውስጥ የሚጓዝ ስለሆነ ሳጥኑ ከተነሣ ስልኩም ዝም ይላል።

ሁለቱ የአገጣጠም መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ማንንም ሳያስፈቅዱ በግማሽ ሰዓት የሚጠናቀቅ ነው። ከአሮጌው ሳጥን «ላን» ከሚሉት ሶኬቶች አንዱን ከአዲሱ ራውተር «ዋን» ሶኬት ጋር በኔትወርክ ገመድ ያገናኙ። በአዲሱ ላይ የግንኙነት ዓይነቱን «ዳይናሚክ አይፒ» ያድርጉ። ሁለቱም ዕቃዎች በ192.168.1.1 የሚጠሩ ከሆነ ራውተሩ የትኛው ውስጥ የትኛው ውጭ እንደሆነ ስለሚምታታበት የአዲሱን አድራሻ ወደ 192.168.10.1 ይቀይሩ። አዲሱ መሥራቱን ካዩ በኋላ የአሮጌውን ዋይፋይ ያጥፉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለቁ በአንድ አየር ላይ ይሻማሉ። በዚህ አገጣጠም የቤትዎ ዳታ ሁለት ጊዜ የአድራሻ ለውጥ ይደረግበታል። ለፊልም፣ ለቪዲዮ ጥሪና ለቢሮ ሥራ ይህ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከውጭ ወደ ቤት መግባት ሲፈለግ፣ ለምሳሌ የራስዎን የካሜራ መቅረጫ በቀጥታ ከሌላ ከተማ መክፈት ሲፈልጉ ነው። ይህ ፍላጎት የሌለው ቤት እዚህ ላይ ቢያቆም አልነቅፍም።

ሁለተኛው መንገድ ሳጥኑን ወደ ብሪጅ መቀየር ነው። በብሪጅ ሳጥኑ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ከማሳለፍ በቀር ሌላ ነገር አያደርግም፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃሉን የሚያቀርበው፣ ቤቱ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን የሕዝብ አድራሻም የሚቀበለው የእርስዎ ራውተር ይሆናል። ለደንበኛ የተሰጠው የመግቢያ ስም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቅንብር ስለማያሳይ አቅራቢው ከማዕከል ሆኖ እንዲቀይርልዎ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ሲጠይቁ «ሳጥኑን ብሪጅ አድርጉልኝ፣ በራሴ ራውተር በፒፒፒኦኢ ልግባ» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ የቤት ስልክ ካለዎት የድምፅ አገልግሎቱ ሳይነካ እንዲቀር ጨምረው ያሳስቡ። ለውጡ ከተደረገ በኋላ በአዲሱ ራውተር ላይ «ፒፒፒኦኢ» የሚለውን መርጠው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ያስገቡ። ይህ ዘዴ በእያንዳንዱ የዳታ እሽግ ላይ ስምንት ባይት ስለሚጨምር ኤምቲዩ የሚባለው የአንድ እሽግ ትልቁ ልክ ከ1500 ወደ 1492 ባይት መውረድ አለበት። አብዛኞቹ ራውተሮች በራሳቸው ያስተካክሉታል። ካላስተካከሉት ግን አንዳንድ ገጾች እየተከፈቱ ሌሎቹ በግማሽ ተከፍተው ይቀራሉ፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ለቀናት የሚደክምበት ብልሽት ነው።

በየትኛውም መንገድ ሲገጥሙ የማብራቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው። ሁሉንም አጥፍተው ገመዶቹን ይስኩ፤ መጀመሪያ የፋይበሩን ሳጥን አብርተው «ፖን» የምትለው መብራት መርገብገቧን አቁማ እስክትረጋ ይጠብቁ፤ ከዚያ ራውተሩን ያብሩ። «ኤል ኦ ኤስ» የምትለው መብራት በቀይ ከበራች ብርሃኑ ሳጥኑ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነውና ራውተሩ ላይ ጊዜዎን አያባክኑ። «ፖን» ረግታ ራውተሩ «የይለፍ ቃል ተሳስቷል» ካለ በትክክል ተሳስቷል። ስሙና ቃሉ ትክክል ሆነው እምቢ ካለ ደግሞ በአሮጌው ሳጥን የተከፈተው ግንኙነት በማዕከሉ መዝገብ ላይ ገና አልተዘጋ ይሆናል፤ ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ሁሉንም አጥፍቶ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ራውተሩ የያዘውን የዋን አድራሻ ይመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው አንድን የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። ያን ጊዜ ብሪጅ ቢያደርጉም ከውጭ በቀጥታ ወደ ቤት መግባት አይቻልም፤ ቀላሉ መንገድ ካሜራዎን በአምራቹ መተግበሪያ በኩል ማየት ነው።

ስም፣ የይለፍ ቃልና አየሩ

አዲሱ ራውተር ላይ መጀመሪያ የሚቀየረው የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው ብዙ ጊዜ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ይገኛል። ቀጥሎ የውስጥ ሶፍትዌሩን ያድሱ። ከርቀት የማስተዳደርን አማራጭና ደብሊው ፒ ኤስ የተባለውን በአዝራር የማገናኛ ዘዴ ያጥፉ። ለዋይፋዩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ደብሊው ፒ ኤ 3 የተባለ የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ ከቀዳሚው ደብሊው ፒ ኤ 2 ጋር አጣምሮ የሚሠራውን ምርጫ ይውሰዱ፤ አሮጌ ስልክና ቴሌቪዥን በ3 ብቻ ላይገቡ ይችላሉ።

ለዋይፋዩ የቀድሞውን ስምና የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ ቢሰጡት በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ምንም ሳይነካ በራሱ ይገናኛል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ባሉበት ቤት ይህ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። የይለፍ ቃሉን ግን ጎረቤት፣ የጎረቤት ልጅና ያለፈው ዓመት ተከራይ ሁሉ የሚያውቁት ከሆነ መቀየሪያው ቀን ዛሬ ነው። ለእንግዳ የተለየ ስም ያለው የእንግዳ ዋይፋይ ይክፈቱ፤ «ዋይፋይ ስጡኝ» ያለን ዘመድ መከልከል ነውር ስለሆነ ቢያንስ ከኮምፒውተርዎና ከካሜራዎ ተለይቶ ይግባ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው የቻናል፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚለቀቅበት የሞገድ ክፍል፣ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ መደብ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ በርካታ ራውተሮች እነዚህኑ ሦስቱን ስለሚሻሙ በስልክ መተግበሪያ አይተው ጥቂት ሰው ያለበትን ይምረጡ፤ በቅርብ ላሉ ዕቃዎች ደግሞ 5 ጊጋኸርዝን ይጠቀሙ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ አይወድም። ኮንክሪትና ብረት ያለበት ግድግዳ ሁለቱንም መደቦች ያዳክማቸዋል፤ ቆርቆሮ፣ መስታወትና ማቀዝቀዣም እንዲሁ። የራስዎ ራውተር መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ የፋይበሩ ሳጥን ባለሙያው ባመቸው ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በር ወይም መስኮት አጠገብ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ራውተሩን ግን በኔትወርክ ገመድ ወደ ቤቱ መካከል ወስደው ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይቀንስ ይሠራል።

ጊቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ካለና ኢንተርኔት እዚያም እንዲደርስ ከተፈለገ ዋይፋዩን በግድግዳ አሳልፎ ለመልቀቅ ከመታገል ለደጅ የተሠራ ገመድ ዘርግቶ በዚያኛው ጫፍ ሁለተኛ ራውተር ዋይፋይ ብቻ በሚለቅበት በ«አክሰስ ፖይንት» ቅንብር መትከል ይሻላል። ገመዱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አብሮ በአንድ ቱቦ አይግባ። በክረምት መብረቅ ሲበረታ ይህን ገመድም፣ የዲኤስኤል ተጠቃሚ ከሆኑ የስልክ ሽቦውንም ነቅሎ መቆየት ተገቢ ነው፤ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ድንገተኛ ኃይል ሞደም ያቃጥላል።

መብራት ሲጠፋ

አንድ ሳጥን የነበረው አሁን ሁለት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ኃይል ያስፈልጋቸዋል። ራውተሩን ብቻ በባትሪ ያስቀጠለ ሰው ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ግን የሌለበትን ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ የሚሸጡት ዩፒኤስ የሚባሉ ትንንሽ የራውተር መጠባበቂያ ባትሪዎች ብዙዎቹ 12 ቮልት የሚሰጡ ናቸው። የሁለቱንም ዕቃዎች አዳፕተር ያንብቡ፦ ቮልቱ በትክክል መግጠም አለበት፤ አምፒሩ የዕቃውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጉዳት የለውም። አንዱ 12 ቮልት 1 አምፒር፣ ሌላው 12 ቮልት 1.5 አምፒር የሚፈልግ ከሆነ ዩፒኤሱ በድምሩ 2.5 አምፒር መስጠት መቻል አለበት። 9 ቮልት የሚሠራ ራውተር 12 ቮልት ላይ መሰካት ግን ዕቃውን ለመጣል መወሰን ነው።

አሮጌውን ሞደም ሙሉ በሙሉ የነቀሉ የዲኤስኤል ተጠቃሚዎች ዕቃውን ከነአዳፕተሩ በአንድ ፌስታል አድርገው፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። በውልዎ ላይ የአቅራቢው ንብረት ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ አገልግሎቱን ሲያቋርጡ ይጠየቃሉ። መስመሩ ተበላሽቶ ሲደውሉም ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት የድርጅቱን ሞደም መልሰው እንዲሰኩና መብራቶቹን እንዲነግሩት ነው፤ ያን ጊዜ ሞደሙ በእጅዎ ካለ ክርክሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።